የጎንደር ግንቦችና አድባራት፤ ስለ ቆሙትና ስለ ጠፉት

ለጥምቀት በዓል ወይም ለጉብኝት ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የነገሥታቱን ግንብ ነው። አይቶም ያደንቃል፤ ማድነቁም ይገባል። ነገር ግን ግንቡን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሰው ጎንደርን አየሁ ቢል፥ የደብሩን ቅጽር አይቶ ሳይሳለም እንደ ተመለሰ ሰው ይቈጠራል። ጎንደር በዘመንዋ የንጉሥ ከተማ ብቻ ሳትሆን የመጽሐፍና የማኅሌት ከተማ ነበረች፤ ዛሬ ቆሞ የሚታየውም ከነበረው ጥቂቱ ነው። ስለዚህ የቆመውን ከጠፋው ጋራ አያይዞ መተረክ የተሻለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተነገሩት ዘመናት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. የአባታቸውን የዐፄ ሱስንዮስን ዙፋን ወርሰው፥ በካቶሊክ ሃይማኖት ምክንያት የተነሣውን ጠብና ደም መፋሰስ አስቁመው፥ ሕዝቡን ወደ ቀደመ ተዋሕዶ ሃይማኖቱ ከመለሱ በኋላ፥ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቈረቈሩ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ለብዙ ዘመን ከአውራጃ ወደ አውራጃ በድንኳን የሚዘዋወሩ ነበሩና፥ በአንድ ቦታ የጸና መናገሻ መቈርቈር ታላቅ ለውጥ ነበር። ድንኳን ይተከላል፥ ይነቀላል፤ ግንብ ግን ባለቤቱን ይይዘዋል።

ስለ ቦታው አመራረጥ ሽማግሌዎች ሁለት ዓይነት ይተርካሉ። አንዳንዶቹ፥ መናገሻዪቱ ስሙ በገምል ፊደል በሚጀምር ቦታ እንድትሠራ በራእይ ተነግሮ ስለ ነበር፥ ነገሥታቱ ጕዛራንም ጎርጎራንም ሞክረው በመጨረሻ ጎንደርን አገኙ ይላሉ። ሌሎቹም፥ ዐፄ ፋሲል ጎሽ ሲያድኑ አውሬው እየሸሸ እስከ አንድ ኩሬ ዳር ወሰዳቸው፥ በዚያም አንድ ባሕታዊ አግኝተው ከተማህን በዚህ ሥራ አላቸው ይላሉ። ትውፊትን ማቃለል አይገባም፤ ይሁን እንጂ መሬቱን ያየ ሰው ቦታው የተመረጠበትን ምክንያት በዓይኑም አያጣውም። አንገረብ በአንድ ወገን፥ ቀሐ በሌላው ወገን ይወርዳሉ፤ መካከሉ ለመጠበቅ የሚመች ከፍታ ነው፤ የደንብያ እህል ቅርብ ነው፤ ከምጽዋ የሚመጣውና ከስናር የሚመጣው የነጋዴ መንገድም በዚያ ይገናኛል። ባሕታዊው ከመከረ ወንዞቹም አብረው መክረዋል።

ስለ ግንበኞቹ ብዙ ክርክር አለ። ፖርቱጋሎች ሠሩት የሚለው ወሬ ከውጭ አገር ሰዎችም ከአገር ሰዎችም አፍ አይጠፋም። ነገር ግን ኢየሱሳውያን የተባሉት ሚሲዮናውያን ጎንደር ከመሠራትዋ ጥቂት ዓመት አስቀድሞ ከአገር እንዲወጡ ታዝዘው ነበርና፥ ንጉሡ ያባረሩትን ሰው ቤቴን ሥራልኝ ብለው ለመኑት ማለት የማይመስል ነገር ነው። በ1640 ዓ.ም. ከየመን ኢማም ተልኮ ወደ ዐፄ ፋሲል የመጣው ሐሰን ኢብን አሕመድ አል ሐይሚ የቤተ መንግሥቱ ሠሪ ሕንዳዊ እንደ ነበረ ጽፎአል። ኖራን በጭቃ ፈንታ ማያያዣ አድርጎ መገንባት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ታውቆ ነበር። ከጎንደር በፊትም በጕዛራ ግንብ ቆሞአል። ይህ ሁሉ ሲታይ፥ ሥራው የብዙ እጅና የብዙ አገር ዕውቀት ሆኖ፥ በኢትዮጵያ ነገሥታት ፈቃድና በአገሬው ድካም የተፈጸመ ነው ማለት ከእውነት አይርቅም። ደግሞም የቤተ እስራኤል ወገኖች በግንበኝነት፥ በአንጥረኝነትና በሸክላ ሥራ የታወቁ ስለ ነበሩ፥ ግንቦቹን በመሥራት እጃቸው እንደ ነበረበት በአገሩ ይነገራል። ከጎንደር በስተ ሰሜን ወለቃ በተባለው መንደር ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ የጎንደር አገር ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል አገር ሄደዋል፤ በወለቃ ምኵራባቸውና የሸክላ ሥራቸው መታሰቢያ ቀርቶአል።

የዐፄ ፋሲል ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ያህል ነው። በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማዎች ቆመውለት፥ በእያንዳንዱ ላይ እንደ እንቍላል የተደፋ ጉልላት አለበት። ከላይ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ሰው፥ ሰማዩ በጠራ ቀን የጣና ባሕር ይታየዋል። ነገሥታቱ እየተከታተሉ በዚያው ግቢ እየጨመሩ ስለ ሠሩ፥ ቅጽሩ 900 ሜትር ያህል ዞሮ 70,000 ካሬ ሜትር የሚያህል ቦታ ከቦአል።

ቅጽሩ 12 በሮች አሉት፤ ጎብኚ ብዙ ጊዜ ሳያስተውላቸው የሚያልፋቸው እነዚህ በሮች ከግንቡ ይልቅ የመንግሥቱን ሥርዓት ይናገራሉ። በፊት በር አጠገብ ያለው ጃን ተከል የተባለው አደባባይ ዐዋጅ የሚነገርበት፥ ፍርድም የሚፈጸምበት ነበር። በወምበር በር ፈራጆች ይገቡ ነበር፤ በእምቢልታ በር መለከተኞችና እምቢልተኞች፤ በባልደራስ በር የፈረሰኞች አለቃ፤ በአደናግር በር ፈታዮች፤ በተዝካሮ በር ለሙታን መታሰቢያ የሚመጡት። እንቆዬ በር ደግሞ በእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም የተጠራ ነው። እንግዲህ በጎንደር ሰው በየትኛው በር እንደሚገባ ካወቁ ማን እንደ ሆነ ማወቅ ይቻል ነበር። ዛሬ ግን ጎብኚ ሁሉ፥ ባለጸጋም ድኻም፥ ቲኬት ቆርጦ በአንድ በር ይገባል።

የጻድቁ ዮሐንስ (1660–1674) የሚባለው የመጻሕፍትና የጽሕፈት ቤት ከግቢው ቤቶች ሁሉ ለካህን ዓይን የሚቀርብ ነው። የአድያም ሰገድ ኢያሱ (1674–1698) ግንብ ጣራው እንደ ኮርቻ የተቀለሰ ሲሆን፥ ውስጡ በዝሆን ጥርስ፥ በመስተዋትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ ነበር ይባላል፤ የመሬት መናወጥ ጐድቶት፥ ኋላም የጦርነት ቦምብ ደርሶበት፥ ዛሬ ጌጡ ሁሉ ረግፎ ድንጋዩ ብቻ ቀርቶአል። የዐፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፥ የዐፄ በካፋ የግብር አዳራሽና የፈረሶች ቤት፥ የእቴጌ ምንትዋብም ግንብ በተራ ይታያሉ።

ነገር ግን የጎንደር ሰው አገሩን ሲጠራ በግንቡ አይጠራም፤ አርባ አራቱ ታቦት ይላል። ቍጥሩ በከተማዪቱ ውስጥ ያሉትንም በዙሪያዋ ያሉትንም አድባራት አንድ አድርጎ የሚይዝ ነው፤ አቈጣጠሩም እንደ ቈጣሪው ይለያያል። ከነዚህም እልፍኝ ጊዮርጊስ፥ ግምጃ ቤት ማርያምና አጣጣሚ ሚካኤል በነገሥታቱ ግቢ ናቸው። ከግቢው ውጭ የጳጳሱ ሰፈር አቡን ቤት፥ የእጨጌው ሰፈር እጨጌ ቤት ይባል ነበር። በእጨጌ ቤት የተጠጋ ሰው ጠላቱ እንዳይነካው ሥርዓት ስለ ነበረ፥ በሽፍታና በጦርነት ዘመን ብዙ ነጋዴና ብዙ ባለርስት ዕቃውን ተሸክሞ ወደዚያ ይሸሽ ነበር። የንጉሥ ግንብ ያልጠበቀውን ሰው፥ ከጭቃና ከሣር የተሠራ የመነኰሳት ሰፈር የጠበቀበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ትምህርቱም እንደዚሁ ነበር። ቅኔ ለመቍጠር ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ፥ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ እንደሚኬድ ሁሉ፥ አቋቋም ለማስመስከር ወደ ጎንደር በዓታ መሄድ የቤተ ክርስቲያን ልማድ ሆኖ ቆይቶአል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ የተከፈለውም በዚያች ከተማ ነው፤ ላይ ቤት የቀደመውን የያዘ፥ ታች ቤት ደግሞ በመምህር ኤስድሮስ የተጀመረ እንደ ሆነ መምህራን ይተርካሉ። ለዚህ ትምህርት የቆመ ግንብ የለም፤ ጎብኚም ሥዕል አያነሣውም። የተማሪው ጎጆ በየዓመቱ ይፈርሳል፥ በየዓመቱ ይሠራል። ይሁን እንጂ በኋላ እሳት መጥቶ መጻሕፍቱን በበላ ጊዜ፥ ትርጓሜውና ዜማው በመምህሩና በተማሪው ቃል ተጠብቆ ስለ ነበር ሳይጠፋ ተረፈ።

ከከተማዪቱ በስተ ምዕራብ፥ በተራራው ሥር፥ ደብረ ፀሐይ ቍስቋም ይገኛል። እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ለልጃቸው ለዐፄ ኢያሱ ሞግዚት ሆነው መንግሥቱን ይዘው ሳሉ፥ ደብሩን በእመቤታችን የስደት ማረፊያ ስም አሠርተው፥ አጠገቡ ግንብ ገነቡ። በግንቡ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። እስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. በመጣ ጊዜ በዚሁ ግቢ ተቀምጦ የፈንጣጣ ሕሙማንን አስታምሞአል። እቴጌይቱ ግን ያን ጊዜ ኀዘንተኛ ነበሩ፤ ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ በ1747 ሞተው፥ የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ተገድለው ነበር። በዚህ ግድያ ዘመነ መሳፍንት ተጀመረ ይባላል። የሦስቱ ዐፅም፥ የእናቲቱ፥ የልጁና የልጅ ልጁ፥ በቍስቋም በአንድነት ተቀምጦአል። ጎንደር ገናና የነበረችበትን ዘመንና የወደቀችበትን ቀን በአንድ ሣጥን ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ይሂድ።

ከዚያ በኋላ ነገሥታቱ በስም ብቻ በግንቡ ተቀመጡ፤ ሥልጣኑ የመሳፍንቱ ሆነ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ነግሠው ዘመነ መሳፍንትን ቢያጠፉም፥ መናገሻቸውን በጎንደር አላደረጉም። ከካህናቱ ጋራ በመሬት ነገር ተጣልተው ነበር፤ ከተማዪቱም ሽፍቶችን ትቀበላለች ብለው ተቈጥተው ነበር። የአድባራቱን መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በመቅደላ ሊሠሩት ላሰቡት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሰበሰቡ፤ በ1859 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዪቱን ዘርፈው አቃጠሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለአገር አንድነት የደከሙ ንጉሥ መሆናቸው የታወቀ ነው፤ ስለ ሌላው ሥራቸው የሚመሰገኑትን ያህል ግን ስለዚህ ሥራቸው መመስገን አይቻልም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ፥ የተሰበሰበው ሁሉ የወታደር ምርኮ ሆነ፤ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ተመርጠው ወደ ሎንዶን ሄዱ። ከነዚህ ብዙዎቹ የጎንደር አድባራት መጻሕፍት ነበሩ። አንድ የጎንደር ደብር መጽሐፉን ለማየት ዛሬ ካህኑን ወደ ሎንዶን መላክ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጥፋት ከፊተኛው የከፋ ነበር። በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በደንብያ በሳር ውኃ ጦርነት በአቡ አንጃ በሚመራው የድርቡሽ ሠራዊት ተሸንፈው፥ ድርቡሾቹ ያለ ከልካይ ወደ ጎንደር ገቡ። ሕዝቡ ተገደለ፥ ተማረከም፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ጥቂቶች ሲቀሩ ሁሉ ተቃጠሉ። የነገሥታቱ ግንብ ድንጋይ ስለ ሆነ ጣራውና ወለሉ ቢጠፋ አካሉ ቆመ፤ የእንጨትና የሣር የሆኑት አድባራት ግን ከነመጻሕፍታቸውና ከነሥዕላቸው ዐመድ ሆኑ። ዛሬ ጎብኚ ጎንደርን የግንብ ከተማ ብቻ አድርጎ የሚያያት ስለዚህ ነው፤ እሳቱ ያላሸነፈው የቀረለትን ያያልና። የቍስቋም ቤተ ክርስቲያንም ያን ጊዜ ተቃጥሎ፥ የሚታየው በኋላ የተሠራው ነው።

ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። አድያም ሰገድ ኢያሱ በ1686 ዓ.ም. አሠርተው ያስባረኩት ሲሆን፥ የመጀመሪያው ቤት ክብ ነበር፤ ያም ከጠፋ በኋላ በኋለኛው ዘመን የተሠራው አራት ማዕዘን ሆነ። ድርቡሾቹ ሊያቃጥሉት በቀረቡ ጊዜ ንቦች ከቅጽሩ ወጥተው ነደፏቸው፥ ቅዱስ ሚካኤልም የእሳት ሰይፍ ይዞ በበሩ ቆመ ብለው ምእመናን ይተርካሉ፤ ቤቱ መትረፉንም ዓይን ያያል። የቅጽሩ 12 ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፤ ዐሥራ ሦስተኛው፥ የመግቢያው በር፥ የጌታ ምሳሌ ሆኖ በይሁዳ አንበሳ አምሳል ተሠርቶአል ይባላል። ከውስጥ ግድግዳው በሸማ ላይ በተሳሉና በተለጠፉ ሥዕሎች ተሸፍኖአል፤ ከመቅደሱ በር በላይ ሥላሴና ስቅለት ይታያሉ።

ጣራው ግን ከሁሉ ይልቃል። በወጋግራዎቹ መካከል የኪሩቤል ፊቶች በተራ በተራ ተሥለው፥ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ታች ይመለከታሉ። ቀርቦ ላስተዋለ ሰው የአንዱ ፊት ከሌላው ፊት ትንሽ ይለያል፤ አንዱ ወደ ቀኝ፥ አንዱ ወደ ግራ ዓይኑን ያዘነብላል። ሠዓሊው አንዱን ሥሎ ሌላውን ሊገለብጥ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ለማኅሌት የቆመ ደብተራ ሌሊቱን ሁሉ ቀና ባለ ቍጥር ከነዚህ ፊቶች አንዱ ያየዋል።

የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም። በጻድቁ ዮሐንስ የተሠራው ይህ ደብር ሥዕሎቹን ከድርቡሽ እሳት ቢያተርፍም፥ በ1924 ዓ.ም. ክረምት ማርሴል ግሪዮል የሚመራቸው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ወደ ጎንደር መጥተው፥ ሥዕሎቹ አርጅተዋልና አዲስ እንሥልላችሁ ብለው ከካህናቱ ጋራ ተስማምተው፥ ነባሮቹን ከግድግዳው ልጠው ወሰዱ፤ በፈንታቸውም ግልባጭ ለጠፉ። ነባሮቹ ዛሬ በፓሪስ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ድርቡሽ በእሳት ያልወሰደውን ሌላው በስምምነት ወሰደው። ካህናቱን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው፤ ጣራው የሚያፈስስ፥ ገቢውም የጠበበ ደብር፥ አዲስ ሥዕል በነፃ ይሰጥሃል ሲባል የአሮጌውን ዋጋ የሚነግረው ማን ነበረ? ለአሮጌው ሸማና ለአሮጌው ብራና ዋጋ የሚተምነው የውጭ አገር ሰው ብቻ እስከ ሆነ ድረስ፥ እንዲህ ያለው ውል በየትኛውም አጥቢያ ሊጻፍ ይችላል።

ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ይዘው አዲስ ሰፈር፥ ፖስታ ቤትና ሲኒማ ሠሩ፤ ሰፈሩ ፒያሳ እየተባለ ይጠራል። የነገሥታቱንም ግቢ ለራሳቸው ሥራ ስላደረጉት፥ ጦርነቱ ሲመጣ ግንቡ የእንግሊዝ አውሮፕላን ዒላማ ሆነ። በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር በጎንደር እጁን ሲሰጥ በኢትዮጵያ የነበረው ኃይሉ ተፈጸመ። ከዚያ በኋላ ግንቦቹ እየተጠገኑ ቆይተው፥ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1972 ዓ.ም. ፋሲል ግቢን ከቍስቋም፥ ከደብረ ብርሃን ሥላሴና ከሌሎቹ ጋራ በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው።

የዐፄ ፋሲል መዋኛ የሚባለው ከከተማዪቱ ወጣ ብሎ በቀሐ ወንዝ አጠገብ ነው። በኩሬው ላይ በዓምድ የቆመ ባለ ሰገነት ቤት አለ፤ ዙሪያውን የከበበው ቅጽር በታላላቅ ዛፎች ሥር ተይዞአል። ሥሮቹ ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጠውታል፤ ዛፉ ቅጽሩን ያፈርሰዋል ወይስ ይደግፈዋል ብሎ ለመለየት አይቻልም። ከኩሬው ትንሽ ራቅ ብሎ ጉልላት ያለው ትንሽ ቤት ይታያል፤ የንጉሥ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው ይባላል። ከጎንደር ነገሥታት ብዙዎቹ መቃብራቸው ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሲታጣ፥ የፈረሱን መቃብር ግን ሕፃናት እንኳ ያሳያሉ።

ኩሬው ዓመቱን ሁሉ ባዶ ሆኖ ይቈያል። የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ከቀሐ በቦይ ውኃ ይገባበታል። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው፥ ካህናቱ በመቋሚያና በጸናጽል፥ ሕዝቡም በእልልታ አጅበዋቸው ወደዚያ ይወርዳሉ፤ ሌሊቱን በማኅሌት ያድራሉ። ሲነጋ ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ሲባረክ፥ ጐልማሶች ከቅጽሩና ከዛፎቹ ላይ እየዘለሉ ይገባሉ፤ አሮጊቶች በእፍኛቸው ለመቅዳት ወደ ጠርዙ ይጠጋሉ። የጥምቀት በዓል አከባበር በ2012 ዓ.ም. በዚያው ድርጅት መዝገብ ከተጻፈ ወዲህ የውጭ አገር እንግዳም ብዙ ሆኖአል፤ ለእርሱም በእንጨት የተሠራ መቀመጫ ይዘጋጅለታል። ይህ ሕንፃ ለንጉሥ መዝናኛ ተሠርቶ ይሁን ለበዓሉ ጥንቱን ታስቦ፥ አሁን የሚቆመው ለበዓሉ ነው፤ ቦዩ የሚጠረገው፥ ጠርዙም የሚጠገነው በጥር ወር ታቦት ስለሚያድርበት ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ውኃው ይለቀቃል፤ የዛፎቹ ቅጠል በደረቁ ኩሬ ላይ ይረግፋል፤ ጠባቂው በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይዞ ይሄዳል።